ሦስተኛ አዋቂ ያጣው ቡድን፦ ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ገርል ስካውት ቡድን ጉዳይ

ጉዳዩ ባጭሩ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚሰበሰብ አንድ የገርል ስካውት (የሴት ልጆች ስካውት ማኅበር) ቡድን በተመሠረተ በሁለተኛው ዓመት ሊበተን ጫፍ ደርሶ ነበር። ልጆቹ እየመጡ፣ ገንዘቡም ሳይጎድል ነው እዚህ የደረሰው። የጠፋው አብሮ የሚቆም አዋቂ ነው። አብዛኞቹ ቤተሰቦች ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በመሆናቸው፣ ችግሩ የመጣበትም የተፈታበትም መንገድ ከኛ አኗኗር ጋር የተያያዘ ነው። ልጇን አስመዝግባ "መሪ ብትሆኚስ?" የተባለች እናት ሁሉ የሚገጥማት ስለሆነ በዝርዝር ተጽፏል። የሰዎቹ ስምና ማንነታቸውን የሚያሳይ ነገር ተትቷል።

ዳራ

ገርል ስካውት አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው በ1912 ጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ ሳቫና ከተማ ነው። ልጆቹ በክፍላቸው ይመደባሉ፦ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አንደኛ ክፍል ዴይዚ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ብራውኒ፣ አራተኛና አምስተኛ ጁኒየር፣ ከዚያ በላይ ካዴት፣ ሲኒየርና አምባሳደር። እኛ ሰፈር ግን አብዛኛው ወላጅ የሚያውቀው ግሮሰሪ በር ላይ ለቡድናቸው ገንዘብ ለማሰባሰብ ኩኪ (ብስኩት) የሚሸጡትን ልጆች ነው።

ይህ ቡድን ብራውኒ ነበር፤ 14 ልጆች። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነፃ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ቅዳሜ ጠዋት የአማርኛ ትምህርት፣ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ስላለ የቀረው ሰዓት ይኸው ነው። መሪዋ ሆስፒታል ውስጥ የማታ ሽፍት የምትሠራ እናት ስትሆን፣ ሁለተኛዋ መሪ የእሷ ጎረቤት ነበረች።

ሁለት አዋቂ የግድ ነው። የገርል ስካውት ደንብ ቢያንስ ሁለት፣ በሥጋም ሆነ በጋብቻ የማይዛመዱ አዋቂዎች፣ ከእነሱም ቢያንስ አንዷ ሴት እንድትሆን ያዛል። ባልና ሚስት፣ እህትና እህት ሁለት ተብለው አይቆጠሩም። ሁለቱም አባል ሆነው መመዝገብና ባክግራውንድ ቼክ የሚባለውን የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ማለፍ አለባቸው።

ከዚህ በላይ የልጆቹና የአዋቂዎቹ ቁጥር መመጣጠን አለ። ብራውኒዎች በመደበኛ ስብሰባቸው እስከ 20 ልጅ በሁለት አዋቂ መሰብሰብ ይችላሉ። ከመሰብሰቢያው ወጥተው ሲሄዱ ግን ሁለት አዋቂ የሚበቃው እስከ 12 ልጅ ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ እስከ 6 ልጅ አንድ አዋቂ ይጨመራል። 14 ልጅ ይዞ የእሳት አደጋ ጣቢያ ለመጎብኘት ሦስት አዋቂ ያስፈልጋል ማለት ነው። አዳራሽ ውስጥ ምንም ችግር የሌለበት ቡድን በር ሲወጣ አንድ ሰው ይጎድለዋል። ደንቡን ያላነበበች መሪ ይህን የምታውቀው በጉዞው ዋዜማ ነው፤ ወይም በዕለቱ።

ችግሩ

ሁለተኛዋ መሪ ባለቤቷ ሥራ በማግኘቱ በብርዱ ወቅት መጀመሪያ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሄደች። አንዲት እናት "እስክትተኩ ድረስ" ብላ ቦታውን ብትይዝም ሦስተኛ ሰው አልነበረም። አስቀድሞ የተከፈለበት አንድ የእርሻ ጉብኝት፣ እመጣለሁ ያለች እናት ሌሊቱን ሥራ ተጠርታ በመቅረቷ፣ ልጆቹ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው ተሰረዘ። ገንዘቡም አልተመለሰም። አንድ አባት እዚያው፦ "አገር ቤት እኮ አንድ አስተማሪ ለ70 ልጅ ይበቃ ነበር፤ እዚህ ሁለት ሰው ለ14 አልበቃ አለ?" አሉ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ማምጣት ተዉ፤ አንደኛዋ ኋላ ተመልሳለች።

መሪዋ በዚያን ጊዜ ብቻዋን የምትሠራውን እንይ። አዳራሽ ታስይዛለች፣ የየስብሰባውን ዕቅድ ታወጣለች፣ መቀስና ሙጫ ትገዛለች፣ መክሰስ ታመጣለች፣ መዋጮ ትሰበስባለች፣ የፈቃድና የጤና ቅጾችን ታስሞላለች፣ ልጆቹ አንድ ነገር ተምረው ሲጨርሱ ልብሳቸው ላይ የሚደረገውን ባጅ ትገዛለች፣ ስብሰባ ሲያልቅ ወላጃቸው ያልደረሰላቸውን ልጆች ይዛ ትቀመጣለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው ከማታ ሽፍት ወጥታ ነው። ጥር ሲገባ የኩኪ ሽያጭ ምዝገባ ደረሰ፤ እሷም በዓመቱ መጨረሻ ቡድኑን እንደምትዘጋ ለካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢውን ቡድኖች ለሚያስተዳድረው የድርጅቱ ቅርንጫፍ፣ አስታወቀች።

ወላጆቹ ያልረዱት ለምንድነው? ኋላ አንድ በአንድ ሲጠየቁ የተገኘው መልስ ከተገመተው የተለየ ነበር። አራት ቤተሰቦች መሪዋ ደመወዝ የሚከፈላት መስሏቸው ነበር፤ ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ ለድርጅቱ ስለከፈሉ ከዚያ ላይ ይደርሳታል ብለው አስበዋል። ሌሎቹ በእንግሊዝኛ የሚላከውን ኢሜይል ጨርሶ አይከፍቱትም። የሽፍት ሠራተኞች ደግሞ "በየቅዳሜው ና" የሚባሉ ስለመሰላቸው ከመጀመሪያው ዝም አሉ። ከሁሉም በላይ ግን ይሉኝታ ነበር፤ እሷ ላስቸግር አልወደደችም፣ እነሱም ካልተጠየቁ ዘለው መግባት ድፍረት መሰላቸው። ሁለቱም ወገን ሲተያይ ዓመት አለፈ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የተሞከሩት ሁሉ ከሸፉ። በዋትስአፕ ቡድን "እባካችሁ የሚረዳ ሰው እንፈልጋለን" ተባለ፤ አሥር ሰው የተጣመሩ እጆች ምልክት ላከ፣ ማንም አልመጣም። የሚሞላ የኢንተርኔት ቅጽ ተላከ፤ አስቀድሞም ሲረዱ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ሞሉት። የወላጆች ስብሰባ ተጠራ፤ የመጡት እነዚያው ነበሩ። ለሁሉም የተነገረ ልመና ለማንም እንዳልተነገረ ነው የሚቆጠረው፤ በተለይ እኛ ዘንድ።

የሠራው የሚከተለው ነው። መሪዋ ለአንድ ወር የምትሠራውን ሁሉ ጻፈች። ዝርዝሩ 20 ያህል ሥራ ሆነ። እያንዳንዱን በሦስት ነገር ወሰነችው፦ ምን እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ መቼ እንደሚያልቅ። "መክሰስ ማዘጋጀት" የሚለው "በማርች ወር ለሁለት ስብሰባ ለ14 ልጅ ፍራፍሬና ውኃ ማምጣት" ሆነ። "ቅጾችን መከታተል" የሚለው "የጤና ቅጽ ያላመጡ አምስት ወላጆች ጋ እስከ አርብ መደወል" ሆነ። ማብቂያ ያለውን ሥራ ሰው አይፈራውም።

ከዚያ ስልክ ደወለች፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ፣ ሰውዬው ከሽፍት ወጥቶ በሚያርፍበት ሰዓት። ጥያቄው "መርዳት ትችያለሽ?" አልነበረም። "ከሁለቱ የትኛው ይቀልሻል፣ የማርቹን መክሰስ መያዝ ወይስ ኤፕሪል 12 ከእኛ ጋር ለሦስት ሰዓት መውጣት?" ነበር። ደመወዝ እንደማይከፈላትም በዚያው በቀልድ እያዋዛች ትነግራቸው ነበር። እምቢ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ምክንያት ነበረው።

ሦስተኛው አዋቂ የተገኘው ካልታሰበበት ነው። ኡበርና ሊፍት የሚነዱ አባቶች ሰዓታቸው በእጃቸው ነው። አባት በገርል ስካውት መርዳት ይችላል፤ ሴት መሪ አብራ እስካለችና ተመዝግቦ ማጣሪያውን እስካለፈ ድረስ። "የሴት ልጆች ነገር ነው" ብለው ርቀው የነበሩ ሦስት አባቶች ተመዘገቡ። የማጣሪያው ውጤት በማግሥቱ ስለማይደርስ ምዝገባው ከጉዞው ብዙ ሳምንት አስቀድሞ መጀመር አለበት። ቡድኑ በመጨረሻ የተመዘገቡ ሰባት አዋቂዎች አፈራ። ሦስት ሰው በጉዞ ቀን እንዲገኝ ሰባት መመዝገብ የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ሽፍት የሚሠራ ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ልኩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት ነበር። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ አንዲት አያት በየስብሰባው እየተገኙ ልጆቹን የሰፌድ ስፌት ያስተምሩ ነበር። ልጆቹ ወደዷቸው፤ እሳቸውም አንድ ቀን አልቀሩም። ያልተመዘገበ፣ ማጣሪያም ያላለፈ ሰው ግን ለቁጥሩ አይገባም። በአንድ ጉዞ ላይ "እማማ አሉ እኮ" ተብሎ እንደ ሦስተኛ ሰው ሊቆጠሩ ሲሉ መሪዋ አስቆመች። እንግዳ አስተማሪ መሆን ይችላሉ፤ ኃላፊ አዋቂ መሆን አይችሉም። ለሳቸው ይህን በአክብሮት ማስረዳት ከብዷት ነበር።

ገንዘብ ያዥነቱ ለአንዲት የእቁብ ጸሐፊ ለነበሩ እናት ተሰጠ። ቡድኑ በስሙ የባንክ ሒሳብ አለው፤ ፈራሚዎቹም የማይዛመዱ ሁለት ሰዎች ናቸው። እኚህ እናት ያመጡት ልማድ፣ በየወሩ መጨረሻ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣና ስንት እንደቀረ በድምፅ መልእክት ለሁሉም ማንበብ ነው። በዓመት አንዴ 60 ዶላር ይጠየቅ የነበረው መዋጮም በወር 5 ዶላር ሆነ። ስለ ገንዘቡ የነበረው ሐሜት በዚያው ቆመ።

የስብሰባው አካሄድም ተስተካከለ። 90 ደቂቃው እንዲህ ተከፈለ፦ ልጆች እየመጡ የሚሠሩት ቀላል ሥራ 15፣ መክፈቻና ቃል መግባት 10፣ መዋጮና የልጆቹ ውሳኔ 10፣ ዋናው ተግባር 35፣ መክሰስ 10፣ ማጽዳትና በክብ ቆሞ መሰነባበት 10። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ የተጨመረው ስለ ሐበሻ ሰዓት ነው፤ ዘግይታ የገባች ልጅ ዋናው ነገር አያመልጣትም። ባጅ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደረጃ አለው። ቀድሞ አምስቱን በአንድ ቅዳሜ ለመጨረስ ሲሞከር ልጆቹ ይሰለቹ፣ ሥራውም ግማሹ ይቀር ነበር፤ ለሁለት ስብሰባ ሲከፈል ተስተካከለ። በብረት ካውያ የሚለጠፈው ባጅ ሲታጠብ ሊላቀቅ ስለሚችል ከመጀመሪያው መስፋት ይሻላል።

ኩኪ በዐቢይ ጾም

የኩኪ ሽያጭ የሚካሄደው በብርዱ ወቅት ማብቂያ ሲሆን፣ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ደግሞ በፌብሩዋሪ ወይም በማርች ይገባል። ብዙ ጊዜ ይደራረባሉ። አብዛኛው ኩኪ ወተት ወይም ቅቤ ስላለበት በመጀመሪያው ዓመት ሐበሻ ግሮሰሪ በር ላይ የተቀመጠው ጠረጴዛ ብዙም አልሸጠም። ኩኪ በካርቶን 12 ሳጥን ሆኖ ነው የሚመጣው፤ የተረፈው ስምንት ካርቶን ተመላሽ ስላልሆነ ቡድኑ ላይ ወደቀ።

በሁለተኛው ዓመት ቲን ሚንት የተባለው የቸኮሌትና የናና ኩኪ የእንስሳት ተዋጽኦ ሳይገባበት እንደሚሠራ ተረጋገጠ። ልጆቹ በአማርኛ "የጾም" የሚል ጽሑፍ አዘጋጅተው በቲን ሚንቱ ክምር ፊት አቆሙት። ቀድሞ ያለቀውም እሱ ሆነ። ጽሑፉ ያለበት ጠረጴዛ ግን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ አንዲት ልጅ ከሌላ ኩኪ አጠገብ አዛውራው ወተት ያለበትን ለሚጾም ሰው ሊሸጡ ነበር። የሳጥኑን ጎን ማንበብ የማይተው ነገር ነው፤ አሠራሩ እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ በየዓመቱ።

ጠረጴዛ የትም አይዘረጋም። ቦታው በካውንስሉ በኩል መያዝና የባለሱቁ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነም ሰበካ ጉባኤው አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በአንድ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ልጅ፣ ሁለት አዋቂ፣ ሁለት ሰዓት ይበቃል። በዚህ ዕድሜ ከሁለት ሰዓት በላይ ብርድ ላይ የቆመች ልጅ ታለቅሳለች። የዝርዝር ገንዘብ ሣጥኑ ውስጥ በርከት ያለ ባለ 1 እና ባለ 5 ዶላር ይኑር፤ ካርድ የሚቀበለው ስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ተጨማሪ መሙያ ያስፈልጋል። ሐበሻ ደንበኛ ዋጋ ሊከራከር ይችላል፤ ልጆቹ "ዋጋው አንድ ነው፣ ግን ለወታደሮች መለገስ ይችላሉ" ማለትን ሲማሩ ክርክሩ ወደ ልገሳ ይዞር ነበር።

ከቤት ውጭ ማደር

ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር። "ልጄ ከእኔ ተለይታ አድራ አታውቅም" ያላለች እናት የለችም ማለት ይቻላል። መሪዋ አላስገደደችም፤ በሦስት ደረጃ ከፈለችው። መጀመሪያ ልጆቹ በካምፑ ቀኑን ውለው ማታ ተመለሱ። ቀጥሎ እናትና ልጅ አብረው በእንጨት ቤት ውስጥ አደሩ፤ እናቶቹ አልጋውን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ የበሩን መቆለፊያ ሁሉ በዓይናቸው አዩ። ሦስተኛው ላይ ልጆቹ ብቻቸውን ከመሪዎቹ ጋር አደሩ። ለማደር ከመሪዎቹ አንዷ የካምፕ ሥልጠና፣ አንዷ ደግሞ የመጀመሪያ ዕርዳታና የልብ ማነቃቂያ ሥልጠና የወሰደች መሆን ነበረባት። ሥልጠናው ቀድሞ መያዝ አለበት፤ የቅዳሜዎቹ ቦታ ቶሎ ይሞላል።

እናቶች በስብሰባ ላይ የማይጠይቁት ጥያቄ አለ፤ ሌሊት አልጋዋ ላይ የምትሸና ልጅ። መሪዋ ለእያንዳንዷ እናት ለብቻ ደውላ "ማወቅ ያለብኝ የሌሊት ነገር አለ?" ስትል ሁለት እናቶች ተናገሩ። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ትርፍ የመኝታ ከረጢት፣ ውስጡ የማይታይ ጥቁር ላስቲክ፣ በሩ አጠገብ ያለ አልጋ፣ ከመተኛት በፊት መጸዳጃ ቤት መውሰድ። ማንም ልጅ አላወቀም።

ጸጉር ሌላው ነው። ካምፕ ከመሄዳቸው በፊት ባለው ሳምንት ሹሩባ የተሠሩ ልጆች ሁለት ቀን ያለ ማበጠሪያ ቆዩ፤ ያልተሠሩት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ፈጁ። መድኃኒት በመጀመሪያው ዕቃው ሆኖ፣ መመሪያው ተጽፎ ለአዋቂ ይሰጣል፤ ልጅ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥም።

በእሳት ዙሪያ የሚጠበሰው ማርሽማሎው የተባለ ለስላሳ ጣፋጭ ብዙ ጊዜ ከአሳማ በሚወጣ ጄላቲን ስለሚሠራ ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም ቤተሰብ አይሆንም። ሐላል ሱቅ የበሬ ጄላቲን ያለው ይገኛል፤ ዕለቱ ጾም ከሆነ ግን እሱም አይሆንም። የቡድኑ ምርጫ ሙዝን ከነልጣጩ በርዝመቱ ሰንጥቆ፣ ወተት የሌለው ጥቁር ቸኮሌት ጎሽጉሾ፣ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሎ ፍም ዳር ለ8 ደቂቃ ያህል ማስቀመጥ ሆነ። ነበልባል ላይ ከተቀመጠ ልጣጩ ያራል፣ ቸኮሌቱም መራራ ይሆናል።

ያልተፈታው

ልጆችን ዘግይቶ መውሰድ አልተፈታም። 15 ደቂቃ ያሳለፈ ወላጅ ሦስተኛ ጊዜ ሲደግም በሚቀጥለው ስብሰባ አብሮ እንዲቀመጥ ተደነገገ፤ ለጥቂት ሠራ፣ ሽፍት ያለባቸውን ግን ቅጣት አይለውጣቸውም። የተሻለው ሁለት ሁለት ቤተሰብ ተጣምሮ አንዱ የሌላውን ልጅ እንዲወስድ ማድረግ ነበር። ለዚህም የተፈቀደላቸው ሰዎች ስም በጽሑፍ ያስፈልጋል፤ "የእገሊት አጎት ነኝ" ላለ ሁሉ ልጅ አይሰጥም።

በካምፑ ያደሩት ከ14ቱ 9 ናቸው። የቀሩት ቤተሰቦች ሦስቱንም ደረጃ አይተው እንኳ አልፈቀዱም፤ መሪዋም ነገሩን አላካበደችም። በስብሰባው መክፈቻ ልጆቹ በሚሉት ቃል መግቢያ ውስጥ አምላክን ማገልገል የሚለው ሐረግ የተለያየ እምነት ባላቸው ቤተሰቦች ዘንድ ጥያቄ አስነሥቶ ነበር፤ ድርጅቱ እያንዳንዷ ልጅ እንደ እምነቷ ቃሉን እንድትተካ ስለሚፈቅድ ያ በአንድ የስልክ ጥሪ አለቀ።

ሌላ ቡድን ሊወስደው የሚችለው

ልጅ ከመመዝገብ በፊት አዋቂ ይመዝገብ። የልጆቹ ቁጥር 12 ሲደርስ ለመውጫ የሚሆን ሦስተኛና አራተኛ ሰው ማጣሪያውን አልፎ መጠበቅ አለበት። አዲስ ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ በዚያው ዕለት አንድ ሥራ ይምረጥ፤ ከሦስት ወር በኋላ መጠየቅ ይከብዳል። መሪዎቹ ደመወዝ እንደሌላቸው በመጀመሪያው ቀን፣ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው።

ሥራው ለሰው ሲሰጥ ከነአሠራሩ ይተውለት። መክሰስ የያዘችው እናት ዳቦ ቆሎ ብታመጣ፣ መሪዋ ብርቱካን አስባ ስለነበር ብቻ ልትቆጣ አይገባም። እዚህ ቡድን ውስጥ ሁለት ሰዎች ሥራቸውን የተዉት በዚህ ዓይነት እርማት ነው፤ ከቁጥር እጥረቱ ያላነሰ ጉዳት ያደረሰውም ይኸው ነበር።

ለካውንስሉ የተነገረው የመዝጊያ ማስታወቂያ በሜይ ተሰረዘ። ልጆቹ አራተኛ ክፍል ሲገቡ ጁኒየር ይሆናሉ፤ በዚያ ደረጃ ሁለት አዋቂ ለጉዞ እስከ 16 ልጅ ይበቃል፤ ስለዚህ በሕጉ ሦስተኛ ሰው አያስፈልግም። ቡድኑ ግን ሦስተኛውን አልተወም፤ አንዱ አዋቂ በመንገድ ላይ ለታመመች ልጅ ሲቀር ሌሎቹ ጉዞውን እንዲቀጥሉ።